ምክሩን ወረስን፣ ምክንያቱን ቀበርን

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ጎትቶ አዲስ አበባ ውስጥ ወደተዘጋጀ ሥልጠና ወሰደኝ። «የአስተሳሰብ ለውጥ» ይሉታል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አብዛኛው ታዳሚ ገና ሥራ የያዘ ወይም ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው፤ የመግቢያውን ዋጋ ከየት አምጥቶ እንደከፈለ እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አሠልጣኙ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ «ድሃ ያደረጋችሁ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ዝም አልን። «ወላጆቻችሁ ናቸው!» አለ። «ቆጥብ፣ አትበደር፣ ዘመድህን አትርሳ እያሉ ያሳደጓችሁ ወላጆቻችሁ! የሰጧችሁ የድህነት ምክር ነው። ዛሬውኑ ጣሉት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ያላጨበጨብኩት ግን ለወላጆቼ ክብር የምቆረቆር ጨዋ ልጅ ሆኜ አይደለም። የአባቴን ምክር ከዚያ አሠልጣኝ ቀደም ብዬ የጣልኩት፣ በመጣሌም የአባቴን የአሥር ዓመት ምርት ያከሰርኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ጋር ያለኝን ሙግት ከመጀመሬ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ። ሰው ራሱን ሳይከስ ሌላውን ሲከስ ማየት ሰልችቶኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያደግሁት ሐራ ነው፤ በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ብዙም በማትርቀው ሐራ። ማሽላና ጤፍ የሚዘራባት፣ ከብት የሚረባባት ቆላ ናት። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እንዲያርፍ የታቀደው እኛ ዘንድ ነው። ወደ መቀሌ እንዲዘልቅ የታሰበውም መስመር ከዚያው ይነሣል። መስመሩ ሲቀየስ ከአባቴ ማሳ ሁለት ጥማድ ያህል ወሰደ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ባቡር ለአገር ያስፈልጋል፤ ካሣውም ሕጉ እንዳዘዘው ተከፍሏል።

ያኔ የነበረው ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። የአባቴ በአሥር ተባዝቶ፣ በ2008፣ 180,000 ብር ሆነ። እንግዲህ ሕጉ ለአባቴ አሥር ምርት ቆጥሮ ሰጠው ማለት ነው። አሥራ አንደኛውን ምርት ከየት እንደሚያመጣው የሚነግረው የእኛ ፈንታ ነበር። «የእኛ» ስል የእኔ ማለቴ ነው። ምክንያቱም በቤታችን የሒሳብ አያያዝ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከአዲስ አበባ ወርጄ ከአባቴ ጋር ተቀመጥን።

«አባ፣ ባንክ አስገባው» አልኩት።

«ባንኩ ምን ያደርግበታል?»

«ያስቀምጥልሃል። ለሌላ ሰውም ያበድረዋል።»

«ለማን?»

«ለነጋዴ ነዋ።»

«ነጋዴው ምን ይገዛበታል?»

«ዕቃ ይገዛል፣ ከብት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል።»

አባቴ ጥቂት አሰበና «ታዲያ ልጄ፣ እርሱ ከብት በሚገዛበት ገንዘብ እኔ ራሴ ከብት ብገዛበት ምን ነውር አለው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። መልስም አልነበረኝም። መልስ የሌለው የተማረ ሰው የሚለውን አልኩ፤ «አባ፣ ዘመኑ ተለውጧል።» እናቴ ከጓዳ ሆና፣ ከገንዘቡ ጥቂት ተቆርጦ ለእህቴ ከተማው ውስጥ ምግብ ቤት ይከፈትላት አለች። የመስመሩ ሥራ ሰው ይዞ ይመጣል፤ የመጣው ሰው ይበላል፤ የእናቴ ሒሳብ ይኸው ነበር። አባቴም እኔም በአንድ ድምፅ «እርሷ ነገ ታገባለች» አልን። በዚያ ቀን አባትና ልጅ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው፤ በዚህም ተሳስተናል።

አባቴ በመጨረሻ ለእኔ ሲል እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ አስቀረ፤ «ወለዱን አልነካም፤ ሐራም ነው» አለ። ከወለድ ነጻ በሚባለው መስኮት 180,000 ብሩ ገባ። አባቴ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈው። እኔም የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አሁን ቁጥሩን እንየው። በ2008 ሐራ ገበያ ላይ በዚያ ገንዘብ አሥራ አምስት በሬ ይገዛ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር ያኔ ወደ 22 ብር ነበር። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በመካከሉ፣ በ2014፣ የዋጋ ግሽበቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። ወለድ የሚቀበለውስ ተጠቀመ? ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የተደነገገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ሠላሳ በሚነድ እሳት ላይ ሰባት ጭልፋ ውኃ ማለት ነው። አባቴ ግን ሰባቷንም ጭልፋ አልወሰደም። በ2017 አንድ ቀን ደውሎ «ያ ገንዘብ እንዴት ነው?» አለኝ። «አልተነካም፣ አባ» አልኩት። እውነቴን ነበር። አልተነካም፤ 180,000 ብር ገብቶ 180,000 ብር ተቀምጧል። የሚገዛው ግን ሁለት በሬ ነበር።

አሠልጣኙ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል። «አላልኳችሁም? ቁጠባ የድህነት ምክር ነው!» ይላል። ሙግቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለመሆኑ አባቴ መቼ ነው ወረቀት ቆጥብ ብሎ የመከረኝ?

አንባቢ ሆይ፣ «ብር» የሚለውን ቃል ራሱን ልብ በል። ብር የማዕድን ስም ነው። የአያቴ እናት «ብር አኑሩ» ስትል የምታስበው አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን፣ መቼም ቢመታ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበትን፣ 28 ግራም የሚመዝነውን። ያ ብር ዛሬም 28 ግራም ነው። ንጉሥ ሲሞት አይቀልልም፤ መንግሥት ሲለወጥ አይሟሽሽም። ቢቸግር ይቀልጣል፣ ጌጥ ይሆናል፣ ለሙሽራ ይሰጣል። ያን ብር አኑር ብሎ መምከር ጥበብ ነበር።

በሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣና ወረቀቱ የጠገራውን ቦታ ወሰደ። ስሙን ግን አልለወጥነውም፤ ማዕድኑ ሄደ፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ወረቀቱም ለረጅም ጊዜ አላሳፈረም። ከ1965 ጀምሮ እስከ መስከረም 1985 ድረስ፣ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ በይፋው ምንዛሬ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዘመን ደመወዝተኛ የነበረ አባት ለልጁ «ደብተር አውጣና ቆጥብ» ቢለው አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። መስከረም 1985 ዶላሩ 5 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ምክሩ ግን «ብር ቆጥብ» እንደተባለ ቀረ፤ ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሦስት። ማዕድኑን የሚያውቁት ለወረቀቱ ዘመን ሰው ነገሩት፤ የወረቀቱ ዘመን ሰው ደግሞ ወረቀቱ ለሚቀልጥበት ዘመን ልጅ ነገረው። ምክሩ በእጅ በእጅ ሲተላለፍ ምክንያቱ መንገድ ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የምክሩ ነው ወይስ ምክንያቱን ሳይጠይቅ የተቀበለው ተቀባይ?

ገበሬው አባቴ ደግሞ በመጀመሪያም ስለ ወረቀት አልመከረኝም። እርሱ የሚለው እንዲህ ነበር፤ «ሀብት ሦስት ቤት አለው፤ ጎታ፣ በረትና ሰው። አንዱ ሲቃጠል ሁለቱ እንዲተርፉ በሦስቱም አኑር።» በልጅነቴ ይህን ከሺህ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። እንደማንኛውም የሽማግሌ ተረት ነበር የምሰማው። ለምን ሦስት እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ጠየቅሁት፤ ነገረኝም።

ጎታው ለምን? ምክንያቱም እህል ያለው ሰው በድርቅ ዓመት ከብቱን አይሸጥም። ከብቱን የማይሸጥ ሰው ዝናብ ሲመለስ ያርሳል። በ1966 የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ያየ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አይማረውም። አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የወሎ ረሃብ መርምሮ፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ያለቀው ሕዝብ ያለቀው የመግዛት አቅሙ ስለጠፋ እንደሆነ አሳይቷል። ሰብሉ የከዳው ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር፣ ሥራ ያጣው የቀን ሠራተኛ ወደ ገበያ ይዞት የሚወጣ ነገር አልነበረውም። አባቴ ሴንን አያውቀውም። «ሁሉም ሻጭ በሆነበት ቀን በሬህን ይዘህ ገበያ አትውጣ» ይላል። በ77 በሬ በቁና እህል ሲለወጥ በዓይኑ አይቷል።

በረቱ ለምን? እህል ነቀዝ ይበላዋል፤ ከብት ግን ይወልዳል። ከብቱም በአንድ በረት አይታሠርም። ሁለቱን ለደጋ ዘመድ በርቢ ትሰጣለህ፤ እርሱ ያረባል፣ የተወለደውን ትካፈላላችሁ። ቆላው ሲደርቅ ደጋው ሣር አለው። በሬ የሌለው ጎረቤት ካለ በመቀናጆ ታርሳላችሁ። ዛሬ የኢንቨስትመንት አማካሪዎች «እንቁላልህን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አታስቀምጥ» ብለው በገንዘብ የሚሸጡትን ምክር የሐራ ገበሬ ያለ ክፍያ ሲሠራበት ኖሯል።

ሰው ለምን? ይህን ሊነግረኝ ሲል አባቴ ሳቀ። «ጎታ ይቃጠላል፣ በረት ይዘረፋል። ያበላኸው ሰው ግን እየበላ ይሸሻል፣ ሲመለስ ያስታውስሃል» አለ። ቅሬውን፣ ጅጌውን፣ ወዳጃውን፣ ሰደቃውን እኔ የባሕል ትርዒት አድርጌ ነበር የማየው። ለአባቴ ግን ተቀማጭ ሂሳብ ናቸው።

እዚህ ላይ አሠልጣኙ እጁን ያወጣል፤ «በረትህ ሲዘረፍስ?» ይለኛል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ አልሸሸውም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ተይዘው በነበሩባቸው ወራት በረት ሲዘረፍ አይተናል። በ2008 ካሣቸውን ሙሉ በሙሉ በከብት የለወጡ ጎረቤት ነበሩን፤ በ2013 የአካባቢው ሰው በሀብታቸው ይምልባቸው ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ አንዲት ጥጃ አልቀረቻቸውም። እኔ አባቴን ባልሰማው ኖሮ ሳይሆን፣ ሰምቼው አሥራ አምስቱንም በሬ አንድ በረት ውስጥ ብናስር ኖሮ፣ እኛም ባዶ እንሆን ነበር። ይህን እያወቅሁ «የወላጆች ምክር አይሳሳትም» ብዬ አልፎክርም። አባቴ ግን «ከብት ግዛ» አላለም፤ «በሦስት ቤት አኑር» ነው ያለው። ጎረቤታችን ከምክሩ ሲሶውን ሰሙ፤ እኔ ከምክሩ አንዳችም አልሰማሁም። ሁለታችንም ከሰርን።

በእነዚያ ወራት ባንክ ዝግ ነበር። የአባቴ 180,000 ብር የትም አልሄደም፤ ግን ለአንድ ቁና ማሽላ እንኳ አልሆነም። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ መንገዱ ተቆርጦ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ቤተሰቤ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ከረምኩ። መንገዱ ሲከፈት ወርጄ ምን በልተው እንደከረሙ ጠየቅሁ። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም፤ መቀነቷን አሳየችኝ።

የአባቴ ሦስት ቤት ውስጥ ያልተቆጠረ አራተኛ ቤት ነበር ለካ። እናቴ የዶሮውን፣ የእንቁላሉን፣ የቅቤውን ሳንቲም ዕድሜ ልኳን በመቀነቷ ጫፍ ስትቋጥር ኖራለች። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ በታወጀ ጊዜ፣ ቋጠሮዋን ፈትታ በእህቴ በኩል አዲስ አስለውጣለች። ስንት እንደነበር ለማንም አልነገረችም። ከተማው ሲዘጋ በቤቱ የነበረው ጥሬ ገንዘብ ያ ብቻ ነበር። በእርሱ እህል ተገዛ፤ ጎረቤትም ተበደረበት። እህሉም ሲያልቅ፣ ከብት በርቢ የሰጠናቸው የደጋ ዘመዶች በሌሊት በአህያ ገብስ አወረዱልን። ሦስተኛው ቤት፣ ሰው የተባለው፣ በሩን ከፈተ። በነገራችን ላይ ያ አሠልጣኝ «ጣሉት» ካላቸው ሦስት ምክሮች አንዱ «ዘመድህን አትርሳ» የሚለው ነው። «ድሃ ዘመድ ወደ ታች ይጎትታል» ነበር ያለው። ከደጋ ወደ ቆላ አህያ እየነዳ በሌሊት የመጣ ድሃ ዘመድ ስላላየ አልፈርድበትም። ዘመድን መርሳት ትርፍ የሚሆነው ክፉ ቀን እስኪመጣ ድረስ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ክፉ ቀን ቀጠሮ አያዛንፍም።

እንግዲህ ከአሠልጣኙ ጋር ያለኝ ሙግት ይኸው ነው። እርሱ ምክሩን ለመጣል የቸኮለው ምክንያቱን ስላልጠየቀ ነው። «አትበደር» የተባልነው ለምን ነበር? አራጣ አበዳሪ በአንድ ክረምት የገበሬን በሬ ነድቶ ሲሄድ ያየ ሰው ነው የመከረን። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውም ብድርን ሁሉ አያወግዝም፤ ሳይቸግር የሚበደረውን ነው። ዘርቶ ለማምረት የተበደረውንና ለድግስ የተበደረውን አባቶቻችን ለይተው ያውቁ ነበር። አሠልጣኙ ግን «ተበደሩ!» ሲል በምን እንደሚከፈል አይናገርም፤ የአዳራሹ መግቢያ ራሱ በብድር ተከፍሎ ይሆናል።

ሙግቴ ግን ከአሠልጣኙ ጋር ብቻ አይደለም። ምክርን እንደ ዳዊት በቃል አሸምድደው፣ «አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል» ብለው ከሚዘጉትም ጋር ነው። አባቶቻችን እኮ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለዋል። ይህ ምክር ነው? መሬቱ በየትውልዱ እየተሸነሸነ ጥማድ በማይሞላበት አገር፣ ዘጠኝ ወልዶ ዘጠኙንም ለዕድል መተው ጥበብ ነው? አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለዋል። የዛሬው ጉቦኛ ሹም ይህን ተረት እንደ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ይጠቅሰዋል። አባቶቻችን ሴት ልጅ ነገ ትሄዳለች ብለው ከሀብት ቆጠራ አውጥተዋታል። በ2008 በቤታችን ከቀረቡት ሦስት አሳቦች ውስጥ እውነተኛ ትርፍ ይዞ ይመጣ የነበረው የእናቴ ነበር። በዚያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ድስት የጣዱ ሴቶች ከሠራተኛው ምን እንዳገኙ የሐራ ሰው ያውቃል። እህቴ አንዷ ልትሆን ትችል ነበር። አባቴ በተረቱ፣ እኔ በዲግሪዬ አስቀረናት። የወላጅ ምክር ሁሉ ወርቅ ነው የሚል ሰው ከዚህች እህቴ ፊት ቆሞ ይድገመው።

ስለዚህ መጣልም፣ ማምለክም አይደለም የምለው። ምክር እንደ መድኃኒት ነው፤ ለምን በሽታ እንደታዘዘ ካልታወቀ ጠርሙሱን አቅፎ መኖርም ጠርሙሱን መስበርም ያው ሞኝነት ነው። ወላጆቻችን የመከሩን ሲራቡ፣ ሲዘረፉ፣ መንግሥት ሲለወጥባቸው ካዩት ተነሥተው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን፣ በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በ1969 የንጉሡ ምስል ያለበት ገንዘብ በሌላ ሲለወጥ አይተዋል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀሰሙ። ለእኛ የደረሰን ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ታሪኩን አልጠየቅንም፤ እነርሱም ቁስላቸውን መክፈት ስላልወደዱ አልነገሩንም። «ቆጥብ» አሉን እንጂ «በ77 የቆጠብኩት ይህ ነበር፣ ያዳነኝ ይህ ነበር፣ የከዳኝ ይህ ነበር» አላሉንም። ጥፋት ካላቸው ጥፋታቸው ይህ ነው። የእኛ ጥፋት ደግሞ አለመጠየቃችን ነው።

መንግሥትንና ባንኮችን ከዚህ ሙግት ነጻ አላወጣም። ሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ቁጠባ እንዲዘምሩ ማድረግ ቀላል ነው። ግሽበቱ 30 ወለዱ 7 በሆነበት ዓመት ገንዘቡን አምኖ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ሀብቱ እንደሚሄድ ለሕዝቡ በግልጽ መንገር ግን ሐቀኝነት ይጠይቃል። ለተነሺ ገበሬ ካሣ መክፈል ሕግ ነው፤ ያ ካሣ በወረቀት ላይ ሲቀልጥ ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ገበሬው መሬት ሰጥቶ ወረቀት ተቀበለ፤ መሬቱ ያው ነው፣ ወረቀቱ ግን ያው አይደለም። ማባዣው ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ማደጉ መልካም ነው። በሚሟሟ ነገር እስከተከፈለ ድረስ ግን ማባዣው ሃያ ቢሆንም ልዩነቱ የመሟሟቱ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን የምለው በቅሬታ አይደለም። ሒሳብ ተምሬ በራሴ አባት ላይ ያልሠራሁበትን ሒሳብ ዘግይቼም ቢሆን ልሥራው ብዬ ነው።

ገንዘቡ ምን ሆነ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ አባቴ በ2017 አወጣው። ስንወጣ በሩ ላይ ደብተሩን ሰጠኝና «ይህን ያዘው፤ ለልጅህ ታሳያታለህ» አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ በሬ ተገዛ። የቀረው ለእህቴ ተሰጠ፤ በዘጠኝ ዓመት ዘግይታ ድስቷን ጣደች። አካባቢው ገና ሰላሙን ሙሉ በሙሉ አላገኘም፤ መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። እርሷ ግን መንገድ በተከፈተባቸው ቀናት የሠራችውን በአራት ቤት ትከፍለዋለች፤ በጎታ፣ በበረት፣ በሰውና በመቀነት። ከትርፏ ጥቂቱን ባንክም ታስገባለች፤ «መንገድ ላይ ገንዘብ ይዤ እንዳልሄድ» ትላለች። ባንክ ለምን እንደሚጠቅም ከእኔ ይልቅ ገብቷታል።

ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የአያትሽ ምክር ነው» ልላት ነበር፤ ተውኩት። ከ1966 ጀምሬ ነገርኳት። ድርቁን፣ በቁና እህል የተለወጠውን በሬ፣ የባቡሩን መስመር፣ «ዘመኑ ተለውጧል» ያልኩበትን ቀን፣ የእናቴን ቋጠሮ፣ በሌሊት የመጣውን ገብስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ምክሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቅ ነበር።

ስጨርስ «ታዲያ እኔ ገንዘብ ሲኖረኝ የት ላስቀምጥ?» አለችኝ።

«ያኔ የሚሆነውን አላውቅም» አልኳት። «አያትሽ ያደረገውን ለምን እንዳደረገው ግን አሁን ታውቂያለሽ።»